የወንጀል ሕግን ከአማርኛው ጀምሩ

ከኮተቤም ሆነ ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን፣ ከመገናኛም ሆነ ከሾላ ተነስታችሁ ሕግ ለመማር ኮሌጅ የምትመላለሱ የየካ ክፍለ ከተማ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚገጥሟችሁ ከባድ ኮርሶች አንዱ የወንጀል ሕግ ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ የሚባዛው ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ይመጣል። ብዙ ተማሪ ታዲያ ትርጓሜዎቹን ሸምድዶ ኮርሱን ያልፋል፤ ተመርቆ ችሎት ፊት ሲቆም ግን ያንኑ ሕግ እንደ አዲስ ሊማረው ይገደዳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያን ሁለተኛ ድካም ለማስቀረት ነው። የምመክረውም አንድ ነገር ነው። የወንጀል ሕግ መርሖችን የሚሸመደዱ ትርጓሜዎች አድርጋችሁ አትያዟቸው። መርሖቹ ተራ በተራ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ ጥያቄዎቹም መቅረብ ያለባቸው ለአማርኛው ሕግ ነው።

ለምን ለአማርኛው? ምክንያቱ የቋንቋ ፍቅር አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ያዘዘው ስለሆነ ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንደሚወጣ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲገኝ ግን የአማርኛው እንደሚጸና ይደነግጋል። ዛሬ የምንሠራበት የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋም አማርኛ ነው። ክሱ በአማርኛ ይጻፋል፣ ምስክሩ በአማርኛ ይጠየቃል፣ ፍርዱም በአማርኛ ይነበባል። በእንግሊዝኛው ብቻ ያጠና ተማሪ እንግዲህ ያጠናው የሕጉን ትርጉም ነው። እርግጥ ነው፣ የዚህ ሕግ አባት የሆነው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መጀመሪያ የተረቀቀው በፈረንሳይኛ ነበር፤ አርቃቂውም የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ። አንዳንዱ አንቀጽ በአማርኛ ሲነበብ ጠንከር የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ሆኖም የሐሳቡ ምንጭ ሌላ አገር መሆኑ የሚያስረው ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ አይለውጥም።

«ፈተናው በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ በአማርኛ ማንበቡ ጊዜ ማባከን አይሆንም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ተማሪው የሚመዘነው በሚጽፈው እንግሊዝኛ ነው፤ ከመመረቁ በፊት የሚጠብቀው የመውጫ ፈተናም አለ። ነገር ግን ፈተናዎቹ በአብዛኛው አንድ ታሪክ ያቀርቡና ሕጉን በታሪኩ ላይ እንድትሠሩበት ይጠይቃሉ። ታሪኩ ላይ መሥራት የሚችለው ደግሞ ሐሳቡን የያዘ ሰው ነው። ሐሳብን በሚያስብበት ቋንቋ የጨበጠ ተማሪ በእንግሊዝኛ ለመግለጽ የሚያስፈልገው ጥቂት ቃላት መልመድ ብቻ ነው። ቃላቱን ይዞ ሐሳቡ ያመለጠው ግን ሁለቱንም ያጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት አንቀጹን በአማርኛ አንብቡ፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ አድምጡ፣ ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የማይገጥሙበትን ቦታ አስምሩበት።

ሥራውን የምትጀምሩት መጽሐፉን በእጃችሁ በማስገባት ነው። ከማስታወሻ የተቀነጫጨበ አንቀጽ አይበቃም፤ ሙሉው ሕግ ያስፈልጋችኋል። 865 አንቀጾች አሉት፤ ብዛቱ ግን አያስደንግጣችሁ። እስከ አንቀጽ 237 ያለው ጠቅላላው ክፍል ነው፤ ከ238 ጀምሮ እያንዳንዱን ወንጀል የሚዘረዝረው ልዩ ክፍል ይመጣል፤ ከ734 ወዲህ ያለው ስለ ደንብ መተላለፍ ነው። የመርሖች ኮርስ የሚያርፈው በጠቅላላው ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያም ውስጥ በመጀመሪያው ሴሚስተር በእውነት የሚያደክማችሁ መቶ ያህሉ አንቀጽ ነው። ከአንቀጽ 1 በፊት ያለውን መግቢያ አትዝለሉት። የቀድሞው ሕግ ለምን መሻሻል እንዳስፈለገው የሚያስረዳው ያ ነው፤ የአንድ አንቀጽ ዓላማ ሲያከራክር ጠበቆችና ዳኞች የሚመለሱትም ወደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ድርጊት ወንጀል ያደረገው የትኛው ሕግ ነው? ሕጉስ ድርጊቱ ሲፈጸም ነበረ ወይ?» የሚል ነው። አንቀጽ 2 በሕግ ወንጀል ያልተባለ ድርጊት እንደማያስቀጣ፣ ፍርድ ቤትም በማመሳሰል አዲስ ወንጀል ሊፈጥር እንደማይችል ይናገራል። አንቀጽ 5 እና 6 ሕግ ወደኋላ ሄዶ እንደማይሠራ፣ አዲሱ ሕግ ለተከሳሹ የሚሻል ሲሆን ግን እንደሚጠቅመው ይደነግጋሉ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 22 ይህንኑ አጽንቶታል። ተማሪዎች ይህን መርሕ «ቀላል ነው» ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ቆም እንድትሉበት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ትልቁ ምሳሌው ያለው በገዛ ታሪካችን ውስጥ ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የደርግ ባለሥልጣናትን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ያላቸው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የተፈረደባቸው ግን ድርጊቱ ሲፈጸም በነበረው በ1949ኙ ሕግ፣ በአንቀጽ 281 ነው። ያ አንቀጽ ከ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ስምምነት ሰፋ ብሎ የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጠብቅ ነበር። አንቀጹ ያን ያህል ሰፊ ባይሆን ኖሮ በፖለቲካ አቋማቸው ለተገደሉት ሰዎች ክሱ በዚያ ስም ሊቀርብ ባልቻለ ነበር። የመንግሥት ሥልጣን ይዘው የነበሩ ሰዎች እንኳ የሚዳኙት ድርጊቱ ሲፈጸም በተጻፈው ሕግ መሆኑን ስታዩ የሕጋዊነት መርሕ ደረቅ ትርጓሜ መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የአንቀጽ 23 ጥያቄ ነው፤ ጠቅላላውን ክፍል የሚከፍት በር ብትሉት ማጋነን አይሆንም። ወንጀል የሚቋቋመው ሕጋዊው፣ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር በአንድነት ሲሟሉ ነው። አንዱ ከጎደለ ወንጀል የለም። ይህን በደብተራችሁ በሦስት ዓምድ አስምሩትና የሚነገራችሁን ታሪክ ሁሉ በሦስቱ ከፋፍሉት። ልምምዱን ከአካባቢያችሁ ጀምሩ። አንድ ሰው የተሳለ መጥረቢያ ይዞ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ሊቆርጥ ከኮተቤ በኩል ወደ ኮረብታው ይወጣል እንበል። ሕጋዊው ፍሬ ነገር ከወንጀል ሕጉ ውጭም ሊገኝ ይችላል፤ ለምሳሌ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የራሱ የቅጣት ድንጋጌዎች አሉት። አንቀጽ 3 እንዲህ ዓይነት ልዩ ሕጎችም ተቃራኒ ድንጋጌ ከሌለ በቀር በወንጀል ሕጉ ጠቅላላ መርሖች እንደሚመሩ ይናገራል። ግዙፋዊው ፍሬ ነገርስ? መጥረቢያ መሳልና መንገድ መጀመር በአንቀጽ 26 መሠረት ማሰናዳት ነው፤ ሕግ ለብቻው ወንጀል ካላደረገው በቀር አያስቀጣም። መጥረቢያው ግንዱን ሲነካ ግን ወደ አንቀጽ 27፣ ወደ ሙከራ እንሻገራለን፤ ድርጊቱ በቀጥታ ወደ ውጤቱ የሚያመራ መሆኑ አያጠራጥርምና። በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት እርምጃ የት ላይ እንደሚያልቅ ለጓደኛችሁ ለማስረዳት ሞክሩ። ልታስረዱ ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

አለማድረግም ወንጀል ሊሆን እንደሚችል በዚሁ ደረጃ ልብ በሉ። በኮረብታው መንገድ ላይ ወድቆ ሕይወቱ በከባድና በቅርብ አደጋ ላይ ያለ ሰው አይቶ፣ ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ ጥሎት የሄደ ሰው በአንቀጽ 575 ይጠየቃል። ሃይማኖቱም ባህላችንም የሚያዙትን እርዳታ ሕጉም ግዴታ አድርጎታል። ነገር ግን ግዴታው የተወሰነ ነው፤ ወሰኑን ፈልጉ።

ሦስተኛው ጥያቄ የልብ ጥያቄ ነው፦ አድራጊው አስቦ ነው ወይስ በቸልተኝነት? እዚህ ላይ የአማርኛው ጥቅም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። አንቀጽ 58 አስቦ ስለሚደረግ ወንጀል፣ አንቀጽ 59 በቸልተኝነት ስለሚደረግ ወንጀል ይናገራሉ። ሁለቱም አድራጊው ጎጂ ውጤት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ የሠራበትን ሁኔታ ይይዛሉ። በእንግሊዝኛው በሁለቱም ቦታ ከአንድ ሥር የወጣ ቃል ተቀምጧል፤ ተማሪው ልዩነቱን ፈልጎ ያጣዋል። በአማርኛ ግን ሐሳቡን እንዲህ መያዝ ይቻላል፦ አንደኛው «ቢደርስም ይድረስ» ያለ ሰው ነው፤ ሁለተኛው «አይደርስም» ብሎ የተማመነ ነው። ሁለቱም አደጋውን ያውቃሉ፤ የሚለያቸው ከውጤቱ ጋር ያላቸው ስምምነት ነው። ከእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ፍሬኑ እንደደከመ ያውቃል እንበል። በዝግታ ብወርድ እደርሳለሁ ብሎ ተነሳ፣ ፍሬኑ እምቢ አለ፣ እግረኛ ሞተ። ሌላው ሾፌር ደግሞ ወደተጣላው ሰው አቅጣጫ መኪናውን ሲነዳ «ከመንገዱ ካልተነሳ የራሱ ጉዳይ» ብሎ ገጨው። ውጤቱ አንድ ነው፤ ሕጉ ግን ለየብቻ ያያቸዋል። የመጀመሪያው በአንቀጽ 543 ሥር ይወድቃል። ሾፌር የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ስለሆነ በንዑስ አንቀጽ 2 ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ሊደርስበት ይችላል፤ ግልጽ የሆነ ደንብ ሆነ ብሎ ከጣሰ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ በንዑስ አንቀጽ 3 ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ሁለተኛው ቢያንስ በአንቀጽ 540፣ በተራ የሰው ግድያ፣ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

«የሰው ልብ ማን ያውቃል? ታዲያ ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም ወይ?» የሚል ተማሪ በየዓመቱ ይኖራል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ይህ ነው፦ ሕጉ ልብን በልብ አይመረምርም፤ በሥራ ይመረምራል። ፍጥነቱ፣ ከአደጋው በፊት የተደረገው ጥንቃቄ፣ በሰዎቹ መካከል የነበረው ጠብ፣ ከአደጋው በኋላ መቆሙ ወይም መሸሹ፣ ሁሉም ስለ ሐሳቡ የሚናገሩ ማስረጃዎች ናቸው። ጥርጣሬው ካልተወገደ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ንጹሕ ሆኖ መገመት የተከሳሹ መብት ነው። አያቶቻችን በሌባሻይ ሌባ ሲያስፈልጉ ሥራንም ሐሳብንም የሚመረምር አልነበረም፤ መድኃኒት የጠጣው ልጅ የተጋደመበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ሦስቱ ፍሬ ነገሮች በማስረጃ ይቋቋሙ መባሉ ምን ያህል ትልቅ እርምጃ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። አንቀጽ 59 በተጨማሪ አንድ የማይረሳ ነገር ይላል፦ ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ ለይቶ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። የሰውን ዕቃ በስህተት የወሰደ ሰው ሌባ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ሦስቱ ከተሟሉ በኋላ ይመጣል፦ ድርጊቱን የሚፈቅድ ወይም ከቅጣት የሚያድን ምክንያት አለ ወይ? ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉን ሲያፋልሱ ነው፤ ወንጀሉ መቋቋሙን ሳያረጋግጡ ወደ ሕጋዊ መከላከል ይሮጣሉ። ሕጋዊ መከላከልንና የግድ ሁኔታንም ያምታታሉ። ልዩነቱን የእንጦጦ ጅብ ያስተምራችኋል። በምሽት ጅብ ያባረረው ሰው ነፍሱን ለማትረፍ የሰው በር ሰብሮ ቢገባ ሕጋዊ መከላከል አላደረገም። አንቀጽ 78 የሚመለከተው ሕገ ወጥ ጥቃትን ነው፤ ጅብ ደግሞ ሕግ አይጥስም። በሩ የተሰበረበት ሰውም ያጠፋው ነገር የለም። ይህ የአንቀጽ 75 ጉዳይ ነው፦ በሌላ መንገድ ሊወገድ ከማይችል የቅርብና ከባድ አደጋ ለመዳን ሲባል የሌላን ሰው መብት መንካት። በሩን የሰበረው ግን ከሚያጠቃው ሌላ ሰው ጋር ቢታገል ኖሮ ወደ አንቀጽ 78 እንመለስ ነበር፤ የመከላከያው ልክ ከጥቃቱ ጋር መመዛዘኑንም እንጠይቅ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ነው። በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። ድሃ ሴት ልጆቿን ለመመገብ የተከለከለ ዛፍ ብትቆርጥ ይህ ሁሉ የአንቀጽ ቁጥር ለእሷ ምን ይፈይዳል? መርሖቹ ለሀብታሙ ብቻ የተሠሩ አይመስሉም ወይ? በአንቀጽ 75 ነፃ ትውጣ ብሎ መከራከር ያስቸግራል፤ የዘወትር ድህነት ከባድ ቢሆንም አንቀጹ የሚፈልገው የቅርብ አደጋ አይደለም። ሕግ አላውቅም ማለትም በአንቀጽ 81 መከላከያ አይሆንም። ጠቅላላውን ክፍል እዚህ ላይ የዘጋ ተማሪ ሕጉን ጨካኝ ብሎ ይደመድማል። ገጹን ከገለጠ ግን ያው አንቀጽ 81 መብት አለኝ ብሎ በቅን ልቦና፣ በበቂ ምክንያት ላመነ ሰው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀል ሲፈቅድ ያገኛል። አንቀጽ 82 ንዑስ አንቀጽ 1 ፊደል ሐ ደግሞ በከባድ ቁሳዊ ችግር ውስጥ ሆኖ የተፈጸመ ወንጀልን ከማቅለያ ምክንያቶች አንዱ ያደርገዋል። ሕጉ እንግዲህ ድህነትን የሚያየው ጥፋተኛ ናት ወይስ አይደለችም በሚለው ጥያቄ ላይ ሳይሆን ምን ያህል ትቀጣ በሚለው ላይ ነው። ይህ በቂ ነው ወይ? በእኔ እምነት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሌላ መተዳደሪያ ማበጀት የፍርድ ቤት ሳይሆን የመንግሥትና የከተማው ሥራ ነው። ነገር ግን ተከላካይ ጠበቃዋ አንቀጽ 82ን ሳያነሳ ቢቀር ጥፋቱ የጠበቃው ነው። ለቅጣት አወሳሰን ክፍል የምትሰጡት ጊዜ እንዳያንስ የምለው ለዚህ ነው። አንቀጽ 88ን፣ ከእሱም ጋር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. አውጥቶ በ2006 ያሻሻለውን የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አንብቡ።

መርሖቹን በዚህ መልክ ከያዛችሁ በኋላ ወደ ሰበር ውሳኔዎች ሂዱ፤ ከዚያ በፊት ግን አትሂዱ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ እየተጠረዙ ይታተማሉ። አንዳንድ ተማሪ ውሳኔው ካለ አንቀጹን መመርመር ምን ያደርጋል ይላል። ውሳኔው ግን ለአንድ ታሪክ የተሰጠ መልስ ነው፤ ነገ የሚመጣላችሁ ታሪክ ይለያል። እያንዳንዱን ውሳኔ ስታነቡ ፍሬ ነገሩን፣ ጭብጡን፣ ምክንያቱን ለይታችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ከዚያ ፍሬ ነገሩን በአንድ ነጥብ ለውጡና ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ጠይቁ። ይህን ከሁለት ጓደኛ ጋር ሆኖ መሥራት ብቻን ከመሥራት ይሻላል፤ አንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዱ ተከላካይ፣ አንዱ ዳኛ ይሁን።

የመጨረሻው ሥራ ከቤታችሁ ብዙ የራቀ አይደለም። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የካ ምድብ ችሎት በክፍለ ከተማችሁ አለ። በሴሚስተሩ ውስጥ ቢያንስ አራት ጠዋት ሄዳችሁ ተቀመጡ። ስልካችሁን አጥፉ፤ የተከሳሾችንና የምስክሮችን ስም በማስታወሻችሁ ላይ አትጻፉ። የምትጽፉት ይህን ነው፦ ክሱ የትኛውን አንቀጽ ጠቀሰ? ዐቃቤ ሕግ ከሦስቱ ፍሬ ነገሮች የትኛውን በየትኛው ምስክር አስረዳ? ተከላካዩ የቱን ሊያፈርስ ሞከረ? ዳኛው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ተከሳሹ ይከላከል ሲሉ ወይም በነፃ ሲያሰናብቱ ምክንያታቸው ከየትኛው ፍሬ ነገር ተነሳ? ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ ብይኑ ከመነበቡ በፊት የራሳችሁን ብይን በሁለት መስመር ጻፉና ከዳኛው ጋር አስተያዩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመዳኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በሕግ ተለይተው በዝግ ከሚታዩ ጉዳዮች በቀር በሩ ለእናንተም ክፍት ነው።